የሞርባዝ አጥቢያ መዝገብ

የአንድ አገር ታሪክ በነገሥታት ዜና መዋዕልና በጦር ሜዳ ወሬ ብቻ ተጽፎ የሚያልቅ አይደለም። ንጉሥ ዐዋጅ ያስነግራል፤ ዜና መዋዕል ጸሐፊውም ዐዋጁ የወጣበትን ቀንና ያወጀውን ንጉሥ ስም ይመዘግባል። ነገር ግን ያ ዐዋጅ ከቤተ መንግሥት ወጥቶ፥ ተራራና ወንዝ ተሻግሮ ከአንዲት ትንሽ የገበሬ መንደር በደረሰ ጊዜ በሰዉ ኑሮ ላይ ያደረገውን ለውጥ የሚነግረን ሌላ ዓይነት ጽሑፍ ነው። እንዲህ ያለውም ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ ታሪክ ይሆናል ተብሎ ያልተጻፈ፥ ስለ ሰምና ስለ ሱፍ፥ ስለ ደወልና ስለ ጣራ ጥገና የሚናገር የሒሳብ መዝገብ ሆኖ ይገኛል።

ለዚህ ነገር ማስረጃ እንዲሆነን በእንግሊዝ አገር በደቡብ ምዕራብ በኩል፥ በዴቨን አውራጃ የምትገኘውን የሞርባዝን አጥቢያ ታሪክ እንመልከት። ሞርባዝ ኤክስሙር ከሚባለው ሰፊ የተራራ ምድር በስተ ደቡብ ጠርዝ ያለች መንደር ናት፤ ቤተ ክርስቲያንዋም በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም የተሠራች ናት። በ16ኛው መቶ ዓመት በአጥቢያዋ የነበሩት ቤተ ሰቦች 33 ያህል ብቻ ሲሆኑ፥ ኑሯቸው በእርሻና ይልቁንም በበግ ርቢ የተመሠረተ ነበር። ታላቅ ጦርነት በሜዳዋ አልተደረገም፤ ነገሥታትም ለጉባኤ አልመረጧትም። ነገር ግን ከ1520 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1574 ዓ.ም. ድረስ ያገለገሏት አንድ ቄስ በእጃቸው የጻፉት መዝገብ ከጥፋት ስለ ዳነ፥ ዛሬ የእንግሊዝ አገር የሃይማኖት ለውጥ ታሪክ በሚጠናበት ስፍራ የዚህች መንደር ስም ይነሣል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

የእንግሊዝ አጥቢያዎች ካቈዩአቸው ጽሑፎች ውስጥ ሁለቱ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። አንደኛው የጥምቀት፥ የጋብቻና የቀብር መዝገብ ነው። ይህ የተጀመረው በ1538 ዓ.ም. የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዋና አማካሪ የነበሩት ቶማስ ክሮምዌል ባወጡት ትእዛዝ ነው። በትእዛዙ መሠረት እያንዳንዱ አጥቢያ አንድ መጽሐፍ እንዲያዘጋጅ፥ ካህኑም በየእሑዱ ባለፈው ሳምንት የተጠመቁትን፥ የተጋቡትንና የተቀበሩትን ሰዎች ስም እንዲጽፍበት ሆነ። መጽሐፉም ሁለት ቍልፍ ባለው ሣጥን ውስጥ እንዲቀመጥ፥ አንዱን መክፈቻ ካህኑ፥ ሁለተኛውን የአጥቢያው መጋቢዎች እንዲይዙ ተደነገገ። እንዲህ ከሆነ ማንም ብቻውን ሊከፍተው ወይም ሊለውጠው አይችልም ማለት ነው። ሁለተኛው ዓይነት ጽሑፍ የአጥቢያው ገቢና ወጪ የሚጻፍበት የሒሳብ መዝገብ ነው። የመጀመሪያው መዝገብ ሰው የተጠመቀበትንና የተቀበረበትን ቀን ይነግረናል፤ ሁለተኛው ግን በእነዚህ በሁለቱ ቀኖች መካከል ሰው በምን እንደ ደከመና ምንን እንደ ወደደ፥ ምን እንደ ሰጠና ምን እንደ ተወሰደበት ይገልጽልናል። የሞርባዝ ዝና የመጣው ከዚህ ከሁለተኛው ነው።

የመዝገቡ ጸሐፊ ቄስ ክሪስቶፈር ትሪኪ ወደ ሞርባዝ በመጡበት በ1520 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ገና በሮም ሊቀ ጳጳሳት ሥር ነበረች፤ ቅዳሴውም የሚቀደሰው በላቲን ቋንቋ ነበር። ሒሳቡን ለማቅረብ ኀላፊነት የነበረባቸው በየዓመቱ ከምእመናን መካከል የሚመረጡት መጋቢዎች ናቸው፤ ነገር ግን ጽሑፉን የሚጽፉት ቄሱ ነበሩ። የተጻፈውም በሣጥን ተቈልፎ እንዲቀር ሳይሆን በሕዝቡ ፊት ጮኾ እንዲነበብ ነበር። ስለዚህ የመዝገቡ አነጋገር ደረቅ የቍጥር ዝርዝር አይደለም። የሰጠ ሰው በስሙ ይመሰገናል፤ ያልከፈለ ሰው ዕዳው ይታወሳል፤ ቄሱ የአገሬውን አነጋገር ሳይለውጡ በጻፉት ቃል ውስጥ ዛሬም ድምፃቸው የሚሰማ ይመስላል።

ከዚህ መዝገብ እንደምንረዳው የሞርባዝ ቤተ ክርስቲያን የምትተዳደረው በሕዝቡ ሽርክና ነበር። በቅዱሳን ስም የተቋቋሙ፥ እኛ ማኅበር ከምንለው ጋር የሚቀራረቡ ልዩ ልዩ የገንዘብ ክፍሎች ነበሩ፤ ከነዚህም ሌላ ወጣት ወንዶች የራሳቸው፥ ልጃገረዶችም የራሳቸው ነበራቸው። እያንዳንዱ ክፍል የራሱን መጋቢ መርጦ በምስሉ ፊት የሚበራውን ሻማ ያቀርባል፤ በዓመቱም መጨረሻ ሒሳቡን ለአጥቢያው ያስረክባል። የብዙዎቹ ክፍሎች ሀብት በጎች ነበሩ። የቤተ ክርስቲያኒቱ በጎች በአንድ በረት የሚታጐሩ ሳይሆኑ ለየአባወራው በአደራ ተሰጥተው ከየቤቱ መንጋ ጋር ይሰማሩ ነበር፤ ሱፋቸው ሲሸጥ ዋጋው ለመብራቱ ይውላል፤ የሞተ በግ ካለም በመዝገቡ ይጻፋል። ከዚህም ሌላ በዓመት በዓል ቀን ጠላ የሚመስል መጠጥ ተጠምቆ ለሕዝቡ ይሸጥና ገቢው ለቤተ ክርስቲያኒቱ ይሆን ነበር። የቤት ባለቤት የሆኑ ሴቶችም እንደ ወንዶቹ በተራቸው መጋቢ ሆነው ያገለገሉ መሆናቸው በመዝገቡ ይታያል። በሌላ ስፍራ ስሟ ከቶ የማይገኝ የገበሬ ልጅ፥ በዚህ መዝገብ የልጃገረዶች መጋቢ ሆና ሰብስባ ያስገባችው ሳንቲም ተቈጥሮ እናገኛለን። እንግዲህ ሒሳብ መያዝ ለዚህ ሕዝብ የጥቂት ሹማምንት ጥበብ ሳይሆን ሁሉ በየተራው የሚማረው የአደራ ትምህርት ነበር።

ቄስ ትሪኪ ከሁሉ አብልጠው የሚወዷት ቅድስት በኤክሰተር ከተማ ትከበር የነበረችው ድንግል ሰማዕት ቅድስት ሲድዌል ነበረች፤ ምስሏንም ወደ ሞርባዝ ያስገቡ እርሳቸው ናቸው። ሕዝቡም ፍቅራቸውን ተከትሎ ለምስሏ ስጦታ ያቀርብ ጀመር፤ የብር ጫማም ተሠራላት። በ1534 ዓ.ም. በኅዳር ወር ግን አንድ ሌባ በሌሊት መሰላል አቁሞ በደወሉ ቤት መስኮት ሰብሮ ገባና የቍርባኑን ጽዋና ያን የብር ጫማ ሰርቆ ሄደ። በዚያን ጊዜ የመንደሩ ወጣቶችና ልጃገረዶች እርስ በርሳቸው ገንዘብ አዋጥተው ለቤተ ክርስቲያኒቱ አዲስ ጽዋ ገዙ። ቄሱም ይህን በኩራት መዝግበውታል። ሌባ የወሰደውን ልጆቹ መለሱት፤ በኋላ ግን በዐዋጅ የሚወሰደውን እንዲህ በቀላሉ የሚመልሰው አልተገኘም።

በመዝገቡ ውስጥ ከሚገኙት ነገሮች ሁሉ ልብ የሚነካው የጥቁሩ ልብሰ ተክህኖ ታሪክ ነው። ቄስ ትሪኪ ለሙታን ጸሎተ ፍትሐት በሚደረግበት ጊዜ የሚለበስ ጥሩ ጥቁር ልብሰ ተክህኖ ለአጥቢያው ለመግዛት አሰቡ። አጥቢያው ድኻ ስለ ነበረ ይህ በአንድ ዓመት የሚፈጸም አልነበረም። ከየኑዛዜው የተገኘውን ስጦታና ከራሳቸውም ድርሻ የተረፈውን ጥቂት በጥቂት እያጠራቀሙ ሃያ ዓመት ያህል ጠበቁ። በመጨረሻ በ1547 ዓ.ም. ልብሱ በ6 ፓውንድ ከ5 ሽልንግ ተገዝቶ ሞርባዝ ገባ። ነገር ግን በዚያው ዓመት ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ሞተው ገና ሕፃን የነበሩት ልጃቸው ኤድዋርድ 6ኛ ነገሡ፤ በስማቸው የሚያስተዳድሩትም ሰዎች ለሙታን የሚደረገውን ጸሎተ ፍትሐት ከንቱ ነው ብለው የሚሽሩ ሆኑ። ሃያ ዓመት የተጠበቀው ልብስ በመጣበት ሰዓት የሚለበስበት ሥርዓት ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር።

ለውጡ ግን በአንድ ቀን የመጣ አልነበረም። ንጉሥ ሄንሪ በ1534 ዓ.ም. በፓርላማ ሕግ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የበላይ መሪ ተብለው ከሮም ተለይተው ነበር። ከ1536 እስከ 1540 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ገዳማት ሁሉ ተዘጉ፤ የሞርባዝ መሬት ጌታ የነበረው የባርሊንች ገዳም ከነዚሁ አንዱ ነበር። በ1538 ዓ.ም. በወጣው ትእዛዝ በቅዱሳን ምስሎች ፊት የሚበራው መብራት እንዲጠፋ ታዘዘ። መብራቱ ሲጠፋ ስለ መብራቱ የተቋቋሙት ክፍሎች ሥራ አጡ፤ ሥራ ሲያጡም መጋቢ መምረጥ፥ በግ መጠበቅ፥ በዓመቱ መጨረሻ ሒሳብ ማስረከብ እያደር ተዳከመ። እንዲህም ሲሆን አንድ የሥርዓት ለውጥ ካህናትን ብቻ የሚመለከት መስሎ ቢታይም፥ ወጣቱና ልጃገረዲቱ በአጥቢያቸው ጉዳይ ድርሻ የነበራቸውን ስፍራ ጭምር የሚያስወግድ ሆኖ ተገኘ።

በ1548 ዓ.ም. የበላይ መጋቢነቱ ተራ ሉሲ ሴሊ ለተባለች ሴት ደረሳት። የእርሷ ዘመን ከሁሉ የከፋ ነበር። በጎቹ ተሸጡ፤ የበዓሉ መጠጥ ቀረ፤ ስጦታም ቆመ፤ የቤተ ክርስቲያኒቱ ዕቃ ለትእዛዙ ማስፈጸሚያና ለዕዳ እየተባለ ይወጣ ጀመር። ቄሱ ከዓመታት በኋላ ይህን ዘመን መለስ ብለው ሲመረምሩት፥ ከሉሲ ጀምሮ የነበሩትን መጋቢዎች ስም አንድ በአንድ እየጠሩ፥ በእነዚህ ሁሉ ዘመን ለቤተ ክርስቲያን የገባ ነገር ሳይኖር ከእርሷ ይወጣ እንደ ነበረና ከቀን ወደ ቀን እየተጐዳች እንደ ሄደች ጽፈዋል። መጋቢዎቹን ግን አልወቀሱም፤ ጥፋቱ የሰዎቹ ሳይሆን የዘመኑ መሆኑን ያውቁ ነበርና።

በ1549 ዓ.ም. ነገሩ እስከ ደም መፋሰስ ደረሰ። በሰኔ 9 ቀን በበዓለ ጰራቅሊጦስ የላቲኑ ቅዳሴ ቀርቶ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀው የጋራ ጸሎት መጽሐፍ በመላው አገር እንዲጸለይበት ታዘዘ። በዚሁ ዓመት በበጎችና በሱፍ ጨርቅ ላይ አዲስ ግብር ተጥሎ ስለ ነበረ በበግ ርቢ የሚኖረው የዴቨን ገበሬ በሁለት በኩል ተነካ። በማግሥቱ ሳምፎርድ ኮርትኒ በምትባል መንደር ሕዝቡ ቄሱን አስገድዶ የቀድሞውን ቅዳሴ አስቀደሰ፤ ከዚያም የዴቨንና የኮርንዎል ገበሬዎች ተባብረው በመነሣት ከሐምሌ 2 ቀን ጀምሮ የኤክሰተርን ከተማ ከበቡ። በነሐሴ 6 ቀን የንጉሡ ጦር በጆን ራስል መሪነት፥ ከባሕር ማዶ የተቀጠሩ ወታደሮችን ጭምር ይዞ ከበባውን አስለቀቀ። በሺህ የሚቈጠር ሰው ዐለቀ፤ በኤክሰተር አጠገብ የነበሩ አንድ ቄስም ልብሰ ተክህኖ እንደ ለበሱ በገዛ ቤተ ክርስቲያናቸው የደወል ቤት ላይ ተሰቀሉ።

የሞርባዝ መዝገብ በዚህ ዓመት ስለ ሃይማኖት ክርክር አንድም ቃል አይናገርም። የሚናገረው ስለ ወጪ ነው። አምስት የመንደሩ ወጣቶች በቅዱስ ዳዊት ሜዳ ወዳለው ሰፈር በሄዱ ጊዜ ከአጥቢያው የተሰጣቸውን ገንዘብና የተገዛላቸውን የጦር መሣሪያ ከነስማቸው ያሰፍራል። ለረጅም ጊዜ የዚህ ጽሑፍ ትርጉም በሚገባ ሳይስተዋል ኖሯል። ነገር ግን የቅዱስ ዳዊት ሜዳ ከኤክሰተር ቅጥር ውጭ ዐመፀኞቹ ከሰፈሩበት ቦታ አንዱ ነበር። እንግዲህ ያች ጸጥተኛ መንደር ልጆቿን ስንቅና ትጥቅ ሰጥታ ከንጉሡ መንግሥት ጋር ወደሚዋጋው ወገን ልካ ነበር ማለት ነው። ወጪውም እንደ ሰም ዋጋና እንደ ጣራ ጥገና በግልጽ ተጻፈ። ከአምስቱም መካከል የአንዳንዶቹ ስም ከዚያ በኋላ በመዝገቡ አይገኝም። እንዴት እንደ ሞቱ የሚናገር ዜና መዋዕል የለም፤ ሐውልትም አልቆመላቸውም። መኖራቸውንና መሄዳቸውን የሚመሰክርላቸው ይህ የወጪ ሒሳብ ብቻ ነው።

በ1553 ዓ.ም. ንጉሥ ኤድዋርድ ሞተው እኅታቸው ሜሪ ሲነግሡ የቀድሞው ሥርዓት ተመለሰ። በዚያን ጊዜ ድንቅ ነገር ታየ። ጠፋ የተባለው የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ከየገበሬው ቤት መውጣት ጀመረ። አንዱ ልብስ፥ ሌላው ምስል፥ ሌላው መጽሐፍ ሰውሮ ይጠብቅ ኖሮ ሁሉም ያስቀመጠውን አመጣ፤ ቄሱም የእያንዳንዱን ስም እየጠቀሱ በታማኝነታቸው አመሰገኗቸው። ነገር ግን በ1558 ዓ.ም. ንግሥት ኤልሳቤጥ 1ኛ ዙፋን ላይ በወጡ ጊዜ ሥርዓቱ እንደ ገና ተለወጠ፤ በድካም የተመለሰው መሠዊያም ፈረሰ። ዛሬ አንግሊካን የምንላት የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን መልኳ እየጸና የሄደው ከዚህ ዘመን ጀምሮ ነው። ቄስ ትሪኪም በዚህ ሁሉ መካከል ከስፍራቸው አልተነሡም። በላቲን የቀደሱባት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በእንግሊዝኛ ጸለዩ፤ በአራት ነገሥታት ዘመን አገልግለው በዚያችው አጥቢያ ዐረፉ።

ስለዚህ ነገር በቄሱ ላይ የሚፈርድ አይታጣም። ከነፋሱ ጋር የዞሩ ሰው ናቸው የሚላቸው ይኖራል። በእርግጥም በእምነታቸው ጸንተው ስደትን ወይም ሞትን የመረጡ ሰዎች በዚያ ዘመን ከሁለቱም ወገን ነበሩ፤ ክብራቸውም ሊቀነስ አይገባውም። ይሁን እንጂ መዝገቡን በትዕግሥት ለተመለከተ ሰው ሌላ ሐሳብ ይመጣበታል። ቄሱ የሥርዓቱ አገልጋይ ብቻ ሳይሆኑ የ33 ቤተ ሰብ እረኛ ነበሩ። ያጠመቋቸውን ልጆች አጋብተዋል፤ ያጋቧቸውንም ቀብረዋል። ጥለው ቢሄዱ ኖሮ ሌላ ሰው በቦታቸው ይሾም ነበር፤ ያ ሰው ግን በማን ቤት የትኛው ዕቃ በአደራ እንደ ተቀመጠ፥ የማን ልጅ ወደ ሰፈሩ ሄዶ እንዳልተመለሰ አያውቅም ነበር። የእርሳቸው ጽናት በቃል ከመከራከር ይልቅ ከሕዝባቸው ጋር በመኖርና የሆነውን ሳይደብቁ በመጻፍ የተገለጠ ነው።

ስለ መዝገቡም ዕጣ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ጽሑፉ በአጥቢያው ዘመናትን ካሳለፈ በኋላ በ1904 ዓ.ም. የሞርባዝ ካህን የነበሩት ኧርስኪን ቢኒ ገልብጠው አሳተሙት። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ የታሪክ ሊቁ ኤመን ደፊ ይህንኑ መዝገብ መሠረት አድርገው ስለ ሞርባዝ አንድ ታላቅ መጽሐፍ ጻፉ፤ የአምስቱ ወጣቶች ጕዞ ወደ ዐመፀኞቹ ሰፈር መሆኑ በሰፊው የታወቀው በእርሳቸው ምርመራ ነው። ዋናው ጽሑፍ በኤክሰተር በሚገኘው የዴቨን ቤተ መዛግብት ተጠብቆ ይገኛል። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያንም በ1978 ዓ.ም. ባወጣችው ደንብ የአጥቢያ መዛግብት ከተዘጉ 100 ዓመት ሲሞላቸው፥ በአጥቢያው በሚገባ እንዲጠበቁ ልዩ ፈቃድ ካልተሰጠ በቀር፥ ወደ ቤተ መዛግብት እንዲገቡ አድርጋለች። ሁለት ቍልፍ የነበረው የእንጨት ሣጥን በዚህ ዓይነት ሰፊ ቤት ሆነ፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው።

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ቄስ ትሪኪ የመንግሥትን ታሪክ ልጻፍ ብለው አልተነሡም፤ የተነሡት በሕዝቡ ፊት የአደራ ገንዘብን ሒሳብ በታማኝነት ለማስረከብ ነበር። ያን ታማኝነት ባያጓድሉ ግን ሳያስቡት የአንድ ዘመን ምስክር ሆኑ። «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንዲሉ፥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ የሚይዝ ሹም፥ በአንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎችን ስም የሚጽፍ መምህር፥ በአንድ አጥቢያ የሰሙንና የዕጣኑን ወጪ የሚያሰፍር ጸሐፊ፥ የሚጽፈው ነገር ለዛሬ ጉዳይ ብቻ መስሎ ቢታየውም ሌላ አንባቢ ከሩቅ ይጠብቀዋል። ያ አንባቢ የሚፈልገው ያማረ ቃል አይደለም፤ የሚፈልገው ቀኑ ሳይዛባ፥ ስሙ ሳይቀር፥ ወጪው ሳይደበቅ የተጻፈውን ነው። አምስቱ የሞርባዝ ልጆች እስከ ዛሬ ስማቸው የሚጠራው አንድ ሽማግሌ ቄስ ለትጥቃቸው የወጣውን ገንዘብ ከመጻፍ ስላልሰነፉና ስላልፈሩ ነው።